አጭርና ብርቱካንማ ቀይ ጽጌረዳ ለማውጣት፦ «ትራምፔተር» እናት ትሁን ወይስ አባት?

ለገጣፎ ጓሮ
ሰላም ለሁላችሁ። «ትራምፔተር» በምትባለው አጭር ጽጌረዳ ላይ ማዳቀል ልጀምር ነው። ቦታው ለገጣፎ፣ አፈሩ ዋልካ፣ ውሃው የጉድጓድ ነው። ከሚወጡት ልጆች የምፈልገው፦ ብርቱካንማ ቀይ ቀለሟ እንዳለ ይኑር፣ ቁመታቸው ከ50 ሳንቲ ሜትር አይለፍ (ለበር መግቢያና ለበረንዳ ሳጥን ነው)፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቅጠላቸውን አራግፈው እንጨት ብቻ አይሁኑ። እናት ላድርጋት ወይስ አባት? ከማን ጋር? ፍሬው ዝናብ እንዳያገኘው በየትኛው ወር ልጀምር?

የእሾህ ወዳጅ
ዘሯን ብታውቂ ግማሹን መልስ ታገኛለሽ። «ትራምፔተር»ን ያወጣት ሳም ማክግሬዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከሰሜን አየርላንድ፣ ከፖርታዳውን፣ ወደ ኒውዚላንድ ተሻግሮ ሥራውን እዚያ የቀጠለው አዳቃይ። ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እናቷ «ሳችሞ» (1970)፣ አባቷ ስም ያልወጣለት የራሱ ችግኝ። የ«ሳችሞ» ወላጆች «ኤቭሊን ፊሰን» እና «ዲያማንት» ናቸው። እዚህ ላይ ቆም በይ፦ «ኤቭሊን ፊሰን» አባቷ «ኮሮና»፣ «ዲያማንት» እናቷ «ኮሮና»። የጀርመኑ ኮርዴስ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣት ብርቱካንማ ቀይ «ኮሮና» ለ«ሳችሞ» በሁለቱም ወገን አያት ናት ማለት ነው። ቀለሙ በዕድል የመጣ ሳይሆን ከሁለት በኩል ተጠራቅሞ የጸና ነው።

ይህ ለምን ይጠቅምሻል? የጽጌረዳ ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁር ቀዩና ወይን ጠጅ የሚመስለው ሲያኒዲን ከሚባል ቀለም ይመጣል። እሳት የሚመስለውን ብርቱካንማ ቀይ የሚሰጠው ፔላርጎኒዲን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ኢንዛይም ነው፤ በደንብ ሲሠራ ተክሉ ሲያኒዲን ያመርታል፣ ሲደክም ፔላርጎኒዲን ይጠራቀማል። በአትክልት ጽጌረዳ ላይ ይህ ቀለም የታየው በትንንሽ አበባዎቹ በ«ግሎሪያ ሙንዲ» (1929) እና በ«ፖል ክራምፔል» (1930) ነው። ወደ ትልልቁ አበባ ያሻገረው የኮርዴስ «ኢንዲፔንደንስ» (1951) ሲሆን፣ የአዳቃዩ ታንታው «ሱፐር ስታር» (1960) ዓለምን አዳረሰችው።

ስለዚህ ጥቁር ቀይ አጋር አትምረጪ። ለሽታው ብለሽ ከጥቁር ቀይ ጋር ካገናኘሻት የመጀመሪያው ትውልድ ተራ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ሲያረጅም ወደ ሐምራዊ ይዞራል። «ትራምፔተር» ስታረጅ ሐምራዊ አለመሆኗ ነው ዋጋዋ።

ሆለታ ደጋ
እትዬ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። የአትክልት ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ 28 ክሮሞዞም (ሰባት ሰባት በአራት ስብስብ) አላቸው፤ እያንዳንዱ ባሕርይ በአራት ቅጂ ይመጣል ማለት ነው። ብርቱካንማው ቀለም የሚታየው የዚያ ኢንዛይም አራቱም ቅጂ ደካማ ሲሆን ብቻ ነው ብለን በቀላሉ እናስላ፦

«ትራምፔተር» ከአራት ብርቱ ቅጂ ካለው ጥቁር ቀይ ጋር፦ ልጆቹ ሁሉ ቀይ።
እነዚያ ልጆች ወደ «ትራምፔተር» ሲመለሱ፦ ከ6 አንዱ ብርቱካንማ።
እነዚያው ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ፦ ከ36 አንዱ።

ዘር ከዘራሽው ግማሹም ላይበቅል ይችላል። ከ36 አንድ ለማየት መቶ ዘር መዝራት ሊያስፈልግ ነው፤ የጓሮ ሰው ይህን አይችለውም። ብርቱካንማ ከብርቱካንማ፣ ወይም ብርቱካንማ ከቢጫ ነው መንገዱ። ቢጫ ከሥር ሲኖር ቀዩ ደመቅ ብሎ ወደ ብርቱካን ይሳባል። ግን ቢጫው ዕዳ ይዞ ይመጣል፦ ዘመናዊው ደማቅ ቢጫ በአዳቃዩ ፔርኔ ዱሼ «ሶሌይ ዶር» (1900) በኩል ከፋርሱ ቢጫ ጽጌረዳ የተወረሰ ሲሆን፣ ለጥቁር ነጠብጣብ መጋለጡም አብሮ ተወርሷል። በእኛ ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሱሉልታ ውርጭ
ስለ ቀለሙ እስማማለሁ፤ ስለ ቁመቱ ግን ማንም አላነሳም። «ትራምፔተር» አጭር ትባል እንጂ ሳትገረዝ (ቅርንጫፏ ሳይቆረጥ) ከተተወች 75 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ከ50 በታች ለማውረድ የድንክ ጽጌረዳ ደም ያስፈልጋል። የድንክ ጽጌረዳዎች ማጠሪያ አሸናፊ ባሕርይ ስለሆነ በመጀመሪያው ትውልድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ያጥራሉ። ለዚህ የምትመች «ስታሪና» ናት፦ አዳቃዩ ሜይላንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣት፣ ራሷም ብርቱካንማ ቀይ። በ«ፔርላ ዴ ሞንሴራት» በኩል የድንኩ የ«ሩሌቲ» ዘር አለባት። ቀለሙንም ቁመቱንም በአንድ ማዳቀል ታገኚያለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ድንክ አባት ሲሆን ልጆቹ ቁመታቸው ብቻ ሳይሆን አበባቸውም ያንሳል፤ ግንዳቸው ይቀጥናል፣ ሥራቸው ቀስ ይላል። በዋልካ ላይ ቀጭን ሥር ውሃ ሲቋጥርበት ይበሰብሳል። የልጆቹን መደብ ከመሬት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ።

ለገጣፎ ጓሮ
«ስታሪና» ከማን እንደምትገኝ እጠይቃለሁ። እስካሁን ግን እናትና አባቱን ማንም አልመለሰልኝም።

የእሾህ ወዳጅ
መልሱን ተክሏ ራሷ ትስጥሽ። ከአሁኑ አበባ የጣሉትን ጥቂት ጫፎች አትቁረጪ፤ እንዲሁ ተያቸው። ፍሬ ከያዘች፣ ሲከፈትም ውስጡ ጠንካራ ዘር ካለ፣ እናት መሆን ትችላለች። ፍሬው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ከወደቀ አባት አድርጊያት። ሁለቱም ከሆነላት እናት ትሁን፤ ድንኮቹ ፍሬ ቢይዙ እንኳ በአንድ ፍሬ ውስጥ ጥቂት ዘር ነው የሚኖራቸው፣ ቀጭኑ ቅርንጫፍም ፍሬውን እስኪያበስል አይመግበውም።

ቡራዩ ችግኝ
ስለ አሠራሩ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አበባ ምረጪ፦ ያበጠች፣ ቀለሟ የታየ፣ ነገ ጠዋት የምትከፈት እምቡጥ። ከተከፈተች አልፏል፤ ንብ ወይም የራሷ ብናኝ ቀድሟል። ካልበሰለች ደግሞ የሴቴው ክፍል አልደረሰም። ሥራው ጠዋት ጤዛ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከ3 እስከ 5 ሰዓት።

መልካበባውን (ባለ ቀለሙን የአበባ ቅጠል) አንድ ሳታስቀሪ ንቀይ። ከሥሩ ቁራጭ ቢቀር ይበሰብስና ግራጫ ሻጋታ ፍሬውን ይጨርሰዋል። ከዚያ ወንዴዎቹን በወረንጦ ወይም በትንሽ የጥፍር መቀስ ዙሪያውን ልቀሚ። የዱቄት (የብናኝ) ከረጢቶቹ ገና ቢጫና ሙሉ መሆን አለባቸው፤ ፈንድተው ዱቄት ካወጡ ያችን እምቡጥ ተያት። መሀል ላይ የቀረውን የሴቴ ክፍል ጥፍር እንዳይነካው።

የተላጠውን አበባ በወረቀት ከረጢት ሸፍኚ፤ ፌስታል ላብ ስለሚይዝ አይሆንም። ከአባቱ የተለቀሙትን የዱቄት ከረጢቶች በነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ ጥላ ባለበት ክፍል ለ24 ሰዓት አድርቂ፤ ፀሐይ ላይ አይወጣም። ሲፈነዱ ቢጫ ዱቄት ይታያል። ወዲያው የማትጠቀሚበት ከሆነ በትንሽ ጠርሙስ ከደረቀ ሩዝ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሩዙ እርጥበት እንዲስብ ነው፤ ዱቄቱ ሩዙን እንዳይነካ በወረቀት ጠቅልይው።

በማግስቱ የሴቴው ጫፍ ሲያብረቀርቅና ጣት ሲይዝ ዝግጁ ነው። በንጹሕ ጣት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ቀቢ፤ በሦስተኛው ቀን ድገሚው። ሁለት ዓይነት ብናኝ በአንድ ብሩሽ ከነካሽ የዘሩ አባት አይታወቅም። ከሳምንት በኋላ ከረጢቱን አውጪ።

ምልክቱን በእርሳስ ጻፊ፦ እናት × አባት፣ ቀን። በእስክሪብቶ የተጻፈ በፀሐይ ይጠፋል።

በአንድ ዘለላ ላይ አራትና አምስት አበባ ቢኖር ከሁለት በላይ አታዳቅዪ፤ ሌሎቹን እምቡጦች ቁረጪ። ያዳቀልሽውን ተክል ዩሪያ አትስጪው፤ ቅጠሉ ይፈነዳል፣ ፍሬውን ይጥላል።

ሱሉልታ ውርጭ
የወሩ ነገር። ጥቅምት ከአጋማሹ በኋላ። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ እርጥበት አለው፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ጽጌረዳን ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ከገረዝሻት በደጋው ከ7 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ታብባለች። ይህን ከቀኑ አስቀድመሽ አስቢው። ፍሬው ከ110 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። ስለዚህ ለቀማው የካቲት ላይ ይውላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ያላችሁ (ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ከእንጦጦ ጀርባ) ያልጠነከረውን ፍሬ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍናችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት አንሡት።

በየካቲት ማዳቀል የሚሉ አሉ። አይመከርም። ፍሬው የሚበስለው ሰኔ ላይ ስለሆነ ከነቅርንጫፉ ይሻግታል።

ሆለታ ደጋ
ፍሬው ሲለቀም ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ እስኪለሰልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ወደ ብርቱካን ሲዞር ለቅመሽ ወዲያው ክፈቺው። ዘሩን ከሥጋው ለይተሽ በወንፊት ላይ አጥቢ፤ የሥጋው ቅሪት መብቀልን ይከለክላል፣ ሻጋታም ይጠራል። ከፋርማሲ የሚገኘውን ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ዘሩን አንድ ሰዓት ዘፍዝፊ። የተንሳፈፈውን መጣል ልማድ ነው፤ ግን የሚንሳፈፍ ሁሉ ባዶ አይደለም፣ ቦታ ካለሽ ለብቻው ዝሪው።

ቀጥሎ ብርድ። የጽጌረዳ ዘር ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ባለው እርጥብ ብርድ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ካልቆየ አይነቃም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው ብሎ ውጭ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ቀኑ ይሞቃል። እርጥብ (የማይንጠባጠብ) የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ጠቅልለሽ፣ በፌስታል አስረሽ፣ በፍሪጅ የአትክልት መሳቢያ ውስጥ አኑሪ። በረዶ መሥሪያው ክፍል አጠገብ አይሁን፤ በረዶ ይዞ ይሞታል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ነው፤ ለአንድ ሌሊት ምንም አይሆንም። በየሳምንቱ ሻጋታ አለ ወይ ብለሽ እዪው።

ቡራዩ ችግኝ
እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የካቲት ለቅማ፣ ስምንት ሳምንት ብርድ፣ ሚያዝያ ዘርታ ከሆነ ቡቃያው ግንቦት ላይ ይወጣና ሁለት ቅጠል ሳይኖረው ክረምት ይመጣበታል። ከግርጌው እየበሰበሰ ይወድቃል። ለዚህ ነው እኔ የደረቀውን ዘር በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማርጠብ፣ መስከረም ላይ መዝራት ይሻላል የምለው።

ሱሉልታ ውርጭ
ጋሼ፣ አምስት ወር ማባከን ነው። ከላይ የፕላስቲክ ጣሪያ፣ በአራቱም ጎን ክፍት፣ ትሪው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ሚያዝያ ይዘራል። ቡቃያውን የሚገድለው ዝናቡ ራሱ ሳይሆን የታፈነ እርጥብ አየርና የቆመ ውሃ ነው። አፈሩ ሁለት እጅ አሸዋ ወይም ደቀቅ ያለ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ያልበሰለ ፍግ ከገባበት አለቀ። ዘሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር። ውሃው ከላይ አይፈስስ፤ ትሪውን በውሃ ውስጥ አስቀምጦ ከሥር መጠጣት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፦ በክረምት ያደገ ቡቃያ ለበሽታ ማን እንደሚበረታ በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ይነግርሻል።

ቡራዩ ችግኝ
ጣሪያ ላለው ሰው ልክ ነህ። ጣሪያ የሌለው መስከረም ይዝራ።

የእሾህ ወዳጅ
ምርጫው ላይ ልግባ፤ እዚህ የብዙ ሰው ልብ ይራራል። ደጋግመው የሚያብቡ ጽጌረዳዎች ልጆች ከበቀሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋን አበባ ያሳያሉ። በዚያች አበባ ላይ ቀለሟን ብቻ ፍረጂ። መልካበባው ቢያንስ፣ አበባው ቢያንስ አትጣዪ፤ በሁለተኛው ዓመት ይጨምራል። ቀለሟ ግን ሐምራዊ ካደላ አይስተካከልም፣ አውጥተሽ ጣዪ። ቀለሙንም በሐምሌ ደመና ሥር አትወስኚ። በጥቅምት ብርድና ብርሃን ቀዩ ይጨልማል፣ በመጋቢት ሙቀት ብርቱካኑ ያይላል። ሁለቱንም ዓይተሽ ነው።

ማጠሩን ከቅጠል እስከ ቅጠል ባለው ርቀት ለኪ። አጭር የሆነችው ስለተራበች ነው ወይስ ዘሯ ነው? የተራበችው ቅጠሏ ገርጥቶ ርቀቱ እኩል አይሆንም፤ ዘሯ አጭር የሆነችው ቅጠሏ ጥቅጥቅና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከጎን ብዙ ቅርንጫፍ የማታወጣ ቀጥ ያለች ልጅ ብታጥርም ለበረንዳ ሳጥን አትሆንም።

በሽታን ለመምረጥ ብለሽ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት አትርጪ። ሪዶሚልና ማንኮዜብ እየረጨሽ የመረጥሽው ተክል ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ ተክሉ አይነግርሽም። በክረምት የምታዪው ሁለት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ፦ ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ፣ ዙሪያው ቢጫ፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይይዛል። ዳውኒ ሚልዲው፦ ወይን ጠጅ መሳይ ባለ ማዕዘን ነጠብጣብ፣ ከላይ ካለው ለጋ ቅጠል ይጀምራል፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ በአንድ ሳምንት ይረግፋል። ሁለተኛውን የያዛትን ልጅ ወዲያው አስወግጂ፤ ለሌሎቹ ታስተላልፋለች። ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ይዟት መስከረም ላይ አዲስ ቅጠል ያወጣች ግን ትቆይ። ነጩ ዱቄት መሳይ ሻጋታ የጥቅምትና የኅዳር ነው፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድና ጤዛ ሲሆን ይመጣል።

ለገጣፎ ጓሮ
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጉድጓዱ ውሃ ነገርስ? የ«ትራምፔተር» ለጋ ቅጠል ይገረጣል፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ነው።

ሆለታ ደጋ
የብረት እጥረት ነው፤ ብረቱ ግን አፈሩ ውስጥ አለ። የዋልካ አፈርና ካርቦኔት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲገናኙ ሥሩ ብረቱን መውሰድ ያቅተዋል። ዩሪያ ብትጨምሪ አይለወጥም። ኮምፖስት በብዛት፣ የክረምቱን የጣሪያ ውሃ በርሜል ውስጥ ማጠራቀም፣ ለቡቃያዎቹ ደግሞ የዝናብ ውሃ ብቻ። ውሃ ከማብዛትም ነው፤ በዋልካ ላይ በሳምንት ሁለቴ 10 ሊትር ለትልቅ ተክል በቂ ነው፣ ለድንኳ ግማሹ። በሆለታና በእንጦጦ በኩል ያላችሁ ቀይ አፈር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ይፈልጋል።

ሰበታ 01
እንግዳ ነኝ፣ አንድ ጥያቄ። የራሳችንን ቀጋ ለምን አባት አናደርግም? ክረምቱን ምንም ሳይነካው ያልፋል፤ ሽታም አለው።

የእሾህ ወዳጅ
ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ለዚህ ዓላማ አይሆንም። ቀጋ የሚመደብበት ወገን በአብዛኛው 14 ክሮሞዞም ያለው ነው። ከ28ቱ ጋር ሲዳቀል ልጁ 21 ይዞ ይወለዳል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ዘር አይሰጥም፣ ስለዚህ ሥራው በአንድ ትውልድ ይቆማል። ረጅሙ የሚንጠላጠል ግንድና በወቅቱ ብቻ ማበብ በመጀመሪያው ትውልድ ያሸንፋሉ፤ ደጋግሞ ማበብ ተሸናፊ ባሕርይ ነው። አጭር ብርቱካንማ ፈልገሽ አጥር የሚያለብስ ሐረግ ታገኛለሽ። አጥር ለሚፈልግ ግን ይሞክር።

ሱሉልታ ውርጭ
ስለ መብትም አንድ ቃል። «ትራምፔተር» አሮጌ ዝርያ ስለሆነች ማባዛቷ አያስጠይቅም። ከአበባ እርሻዎች የሚወጡ አዳዲስ ዝርያዎች ግን ጥበቃ ያለባቸው ናቸው፤ በእኛም አገር የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068/2009 አለ። ከእነሱ ቅርንጫፍ ቆርጦ አባዝቶ መሸጥ አይቻልም።

ለገጣፎ ጓሮ
የመጨረሻ ጥያቄ። የተመረጠችው ልጅ በራሷ ሥር ትቁም ወይስ በሌላ ግንድ ላይ ዓይኗ (የቅርንጫፏ ቡቃያ) ይከተብ፣ ማለትም ተቆርጦ ይለጠፍ?

ቡራዩ ችግኝ
መጀመሪያ በራሷ ሥር። አበባዋን ከጣለች ቅርንጫፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ቁረጪ፤ የታችኛው ቁርጥ ከዓይን ሥር ይሁን። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዪ። በአሸዋ ውስጥ ግማሹን ቅበሪ፣ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ሸፍኚ፣ ጥላ ላይ አኑሪ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ጎትተሽ አትፈትኚው፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ይታወቃል።

በራሷ ሥር የቆመች አጭር ተክል አጭር ሆና ትቀራለች። የአበባ እርሻዎች በሚጠቀሙበት የሥር ግንድ፣ በ«ናታል ብራየር» ላይ ከተከተበች የግንዱ ኃይል ይገፋታልና ትረዝማለች፤ ለ50 ሳንቲ ሜትር ዓላማሽ ይህ እንቅፋት ነው። ክትባት የሚያስፈልግሽ ሥሯ ደካማ ሆኖ ዋልካውን ካልቻለች ብቻ ነው። ያኔም የግንዱ ቅርፊት በቀላሉ በሚላቀቅበት ወቅት፣ መስከረምና ጥቅምት፣ በቲ ቅርጽ ሰንጥቀሽ፣ ዓይኑን ከትተሽ፣ በፕላስቲክ ጥብጣብ እሰሪ፤ ዓይኑ ራሱ አይሸፈን። በሦስት ሳምንት አረንጓዴ ከሆነ ይዟል። ከክትባቱ በታች የሚወጣውን ቀንበጥ በመቀስ አትቁረጪ፣ ይባስ ይበዛል፤ አፈሩን ገለጥ አድርገሽ ከመነሻው ገንጥዪው።